ስሜ አንድ ነው፣ ድምሬ ለምን ሦስት ሆነ?

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፈው ከደሴ ነው። ዛሬ ጠዋት የጦሳ ተራራ ጉሙን እንደ ጋቢ ተከናንቦ ነበር። እኔም ብርዱን ሰበብ አድርጌ ከቤት አልወጣሁም፣ ለእናንተ ስጽፍ ዋልኩ።

በደብዳቤ ገጻችሁ ላይ አንድ ዓይነት ቅሬታ ደጋግሜ አያለሁ። "ከፍዬ ሳለሁ ሲስተሙ አልከፈልክም አለኝ።" "ኮምፒውተሩ ስሜን አጠፋው።" መልስ ተብሎ የሚሰጠውም ያው ነው፤ የሲስተም ችግር ስለነበረ ነው፣ ይስተካከላል። እኔ ዌብሳይት በመሥራት ነው የምተዳደረው። ይህችን "የሲስተም ችግር" የምትባል ነገር ባነበብኩ ቁጥር ፊቴ ይቀላል። ለምን ብትሉ፣ እኔም ብያታለሁ። በመቶ ምናምን ሰው ፊት። ችግሩ ደግሞ የሲስተም አልነበረም፣ የእኔ ነበር።

ታሪኩን ልንገራችሁና ወደ ነገሬ እገባለሁ።

ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። የሰፈራችን ቅሬ ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ ነው። ሰው ሲሞት ድንኳኑ የሚተከለው በአንድ ነው፣ የሚለቀሰውም በአንድ። መዋጮው በወር 50 ብር ነው። መዝገቡን ለዓመታት የያዙት አንድ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፣ ስማቸውን አልጠራም፣ እንደምጠራቸው ጋሼ ልበላቸውና ልለፍ። ጋሼ ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ መዝገብ አላቸው። ለእያንዳንዱ አባል አንድ ገጽ። ደረሰኝ ሲመጣ የሰውየውን ገጽ ይገልጣሉ፣ ከበፊቱ ድምር ላይ ይደምራሉ፣ አዲሱን ድምር በቀይ እስክሪብቶ ይጽፋሉ። አዲስ አባል ሲገባ አዲስ ገጽ ይከፍታሉ፣ ከላይ ስሙን ከሥሩ ዜሮ ይጽፋሉ፣ መደመሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ዓይናቸው እየደከመ ሲመጣ የቅሬው ዳኛ፣ ሰብሳቢው ማለት ነው፣ ጠሩኝና "አንተ ልጅ፣ ኮምፒውተር ታውቃለህ አይደል?" አሉኝ። አዎ አልኩ። ኧረ ምን ሲደረግ አልኩ!

እንግዲህ እኛ ፕሮግራመሮች አሬይ የምንለው ነገር አለ። ስሙ ይከብዳል እንጂ የነገሮች ረድፍ ማለት ነው። የቅሬው ክፍያ ሁሉ እንዲህ ያለ ረድፍ ነው፤ ስም፣ ቀን፣ ብር፣ ደግሞ ስም፣ ቀን፣ ብር እያለ ይወርዳል። ሥራው ይህንን ረድፍ በየሰዉ መድቦ መደመር ነው። እንዴት ነው የሚደረገው ካላችሁ፣ ልክ ጋሼ እንደሚያደርጉት ነው። ባዶ አሬይ እንከፍታለን፣ ይሄ ባዶው መዝገብ ነው። ከዚያ ክፍያዎቹን በሉፕ አንድ በአንድ እንዞራለን። የሰውየውን ስም እንደ ቁልፍ እንይዛለን፣ በሙያው ቋንቋ ኪይ ይባላል። በዚህ ኪይ የተከፈተ ገጽ አለ ወይ ብለን እንጠይቃለን። ከሌለ ከፍተን ዜሮ እናስቀምጣለን። ከዚያ ብሩን ደምረን ወደሚቀጥለው ክፍያ እናልፋለን። አምስት መስመር ኮድ ቢሆን ነው። ሱቅ በየዕቃው ሲደምር፣ ትምህርት ቤት በየክፍሉ ሲደምር፣ የኮምቦልቻ መጋዘን በየመኪናው ሲደምር ያው አምስት መስመር ነች።

ዜሮ የማስቀመጧን ነገር ጀማሪ ሁሉ ይዘላታል። ዌብሳይት ከምንጽፍባቸው ቋንቋዎች አንዱ በሆነው በፒኤችፒ ብትዘሏት ቋንቋው ያጉረመርማል እንጂ ይደምርላችኋል፣ የሌለውን እንደ ዜሮ ቆጥሮ። ማጉረምረሙንም ብዙ ሰው ያፍነዋል። ሌላው ቋንቋ ጃቫስክሪፕት ግን እንዲህ አይደለም። ከሌለ ነገር ላይ ቁጥር ስትደምሩበት "ቁጥር አይደለም" የሚል መልስ ይሰጥና ከዚያ በኋላ ስንት ብር ብትጨምሩበት ከዚያችው ቃል አይወጣም። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1995 ነው የወጡት፣ እኩዮቼ ናቸው፣ ጠባያቸው ግን እንዲህ ይለያያል።

የመጀመሪያውን በጃቫስክሪፕት ጻፍኩና ላፕቶፔን ይዤ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ሦስት ወር የከፈለ ሰው ድምሩ 150 መሆን ነበረበት። ስክሪኑ ላይ የወጣው 0505050 ነው። ጋሼ መነጽራቸውን አስተካከሉ። ዝም ብለው ቆጠሩ። "አምስት መቶ አምስት ሺህ ሃምሳ ብር?" አሉ። "ይህ ሰውዬ ቅሬውን ሊገዛው ነው እንዴ?"

ምን ሆኖ መሰላችሁ፣ ብሩ ከፎርም (ስክሪኑ ላይ ከሚሞላው ቅጽ) ሲመጣ የሚመጣው እንደ ጽሑፍ ነው። ጃቫስክሪፕት ደግሞ የመደመር ምልክት ሲያይ አንዱ ወገን ጽሑፍ ከሆነ አይደምርም፣ ይቀጥላል። ዜሮ ላይ 50 ቀጠለበት፣ 050 ሆነ። እሱ ላይ ደግሞ 50፣ እሱ ላይ ደግሞ 50። ፒኤችፒ በዚህ በኩል ጨዋ ነው፤ መደመሪያው መደመሪያ ብቻ ነው፣ ጽሑፍ መቀጠል ስትፈልጉ ነጥብ ነው የምትጠቀሙት። መፍትሔው ከመደመር በፊት ወደ ቁጥር መለወጥ ነው፣ ለወጥኩት፣ ጋሼም ሻይ ጋበዙኝ። ይህ ዓይነቱ ስህተት ደግ ስህተት ነው። ይጮሃል። አንድ ሰው ግማሽ ሚሊዮን ከፈለ ሲባል ማንም አይቶ አያልፈውም። የሚያስፈራው የማይጮኸው ነው።

እሑድ ስብሰባ ሆነ። የውዝፍ ዝርዝሩን ፕሪንት አድርጌ ለዳኛው ሰጠሁ፣ እያነበቡ ሄዱ። ስማቸው ፀሐይ የሆነ አንዲት እናት አሉን። ዳኛው "እማማ ፀሐይ፣ የሰባት ወር ውዝፍ፣ 350 ብር" ብለው አነበቡ።

እማማ ተነሡ። አልተቆጡም፣ ያ ነው የገደለኝ። የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ፣ የታጠፉ ደረሰኞች አወጡና ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ደረደሯቸው። አሥራ ሁለት። ድርድሩ ሲያልቅ ሰዉ ሁሉ እኔን ያየኛል።

"የሲስተም ችግር ነው፣ እማማ፣ ይስተካከላል" አልኩ።

እማማ ወደ ዳኛው ዞሩ። "ሲስተም የሚለው የማን ልጅ ነው?"

ቅሬው በሳቅ ፈነዳ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የሰፈሩ ልጆች እስከ ዛሬ ሲያገኙኝ "የማን ልጅ ነህ?" ይሉኛል።

ማታ ቁጭ ብዬ ከድምሩ ሥር ያሉትን መስመሮች አወጣኋቸው። እማማ ሦስት ቦታ ናቸው። "ፀሐይ" 250 ብር። "ጸሐይ" 200 ብር። "ፀሀይ" 150 ብር። ደምሩት፣ 600 ነው፣ የአሥራ ሁለት ወር ድፍን። ደረሰኞቹን ወደ ኮምፒውተር ያስገባነው ሦስት ሰዎች ነበርን፤ እኔ፣ እህቴና አንድ የጎረቤት ልጅ። ሦስታችንም እንደለመድነው ጻፍን። ሦስታችንም አልተሳሳትንም። ስናነበው ያው እማማ ፀሐይ ናቸው።

ለኮምፒውተር ግን ያው አይደሉም። ዩኒኮድ ለዓለም ፊደላት ሁሉ የኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጥ የጋራ ሠንጠረዥ ነው፤ የግዕዝ ፊደል እዚያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሦስተኛው እትም ሲወጣ ነው። እዚያ ላይ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው፤ ሀ 4608 ነው፣ ሐ 4624፣ ኀ ደግሞ 4736። ጸ 4920፣ ፀ 4928። እኛ በአፋችን አንድ ያደረግናቸው ፊደላት በማሽኑ ውስጥ ጨርሶ አይተዋወቁም። ዩኒኮድ ራሱ ያለው የማስተካከያ ዘዴም እነዚህን አንድ አያደርጋቸውም፣ ማድረግም የለበትም፣ የተለያዩ ፊደላት ናቸው፣ ግዕዙን የሚያውቅ ሰው ልዩነታቸውን ያውቃል። እስቲ አስሉት። ለመጀመሪያው ፊደል ፀ እና ጸ፣ ሁለት። ለመካከለኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ፣ ስድስት። ሁለት በስድስት አሥራ ሁለት። ሦስት ፊደል ያላት አንዲት ስም አሥራ ሁለት ገጽ ሊከፈትላት ይችላል፣ በየወሩ አንድ። ወሎ ውስጥ ሙሐመድ የሚባለውን ስም ደግሞ እናንተው ጨርሱት፤ መሐመድ አለ፣ ሙሀመድ አለ፣ መሃመድ አለ፣ ሙሃመድ አለ። ሐይቅ ከተማ እንኳን በሰሌዳ ላይ ስንት ዓይነት ትጻፋለች።

አሁን ልብ በሉ። ጠቅላላ ድምሩ ልክ ነበር። ከባንክ ደብተሩ ጋር አስተያይቼው አንድ ሳንቲም አልተዛነፈም፣ እሱን አይቼ ነው ተኝቼ ያደርኩት። ምደባው ሲበላሽ ጠቅላላው አይበላሽም። ብሩ ሁሉ አለ፣ ያለው ግን በሌላ ሰው ስም ወይም በማንም ስም ነው። አለቃ ጠቅላላውን አይቶ ይፈርማል፣ ኦዲተሩም ጠቅላላውን ያያል፣ ስህተቱ የሚታየው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ደረሰኝ ይዞ መስኮቱ ላይ ለቆመው። እሱን ደግሞ ማን ይሰማዋል። ቢያንስ የስሞቹን ብዛት ብቆጥር ኖሮ እነቃ ነበር። ቅሬያችን 186 አባላት ነው ያሉት፣ የእኔ ዝርዝር 203 መስመር ነበረው።

በማግስቱ ፊደል የምታስተካክል ትንሽ ፈንክሽን (የኮድ ቁራጭ) ጻፍኩ። ከመመደቡ በፊት ሐንም ኀንም ሃንም ሀ ታደርጋለች፣ ሠን ሰ፣ ዐን አ፣ ፀን ጸ። ከፊትና ከኋላ የቀረ ባዶ ቦታም ትቆርጣለች፤ በዓይን የማይታይ አንድ ባዶ ቦታ ስምን ሌላ ስም ያደርገዋልና። አንድ ነገር ግን አደራ፣ ይህን ለምትሠሩ ወጣቶች። የተስተካከለው ለኪይ ብቻ ነው። ወረቀት ላይ የሚወጣው ሰውየው ራሱ እንደሚጽፈው መሆን አለበት። እማማን "ጸሀይ" ብዬ ብጽፋቸው ሌላ ስብሰባ ይጠራ ነበር።

ተገላገልኩ ብዬ አልጨረስኩም፣ ተቃራኒው መጣ። ሰፈራችን ውስጥ ስማቸውም የአባታቸው ስምም አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች አሉ። በፊት የፊደሉ ልዩነት ለያይቷቸው ነበር። እኔ ፊደሉን ሳስተካክል ሁለቱ አንድ ሰው ሆኑ። ዝርዝሩ ላይ 1,200 ብር ከፍሏል ይላል። አንደኛው ትርፍ ከፈልክ ተብሎ ተመሰገነ፣ ሁለተኛው ከነጭራሹ የለም። አብሽር ብለው አለፉኝ እንጂ ሌላ ሰው ቢሆን ጉዴ ነበር።

ያኔ ነው የገባኝ። መደመሩ ቀላል ነው። ከባዱ በምን ልመድብ የሚለው ነው፣ እና ስም ጥሩ ኪይ አይደለም፣ በአማርኛ ደግሞ በጭራሽ አይደለም። ለእያንዳንዱ አባል ቁጥር ሰጠሁ።

ቁጥርም ቢሆን ጠባይ አለው እኮ። አክስቴ ኮምቦልቻ ነው የምትኖረው፣ አንድ መሥሪያ ቤት የከፈለችውን አልከፈልሽም ብሏት የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ አብሬያት ሄድኩ። ሠራተኛው ልጅ ጨዋ ነው፣ ግን ከአንዲት ቃል አይወጣም፤ ሲስተሙ የሚያሳየኝ ይሄንን ነው። "ወንድሜ፣ ድምሩን ተወውና ከሥሩ ያሉትን ክፍያዎች አሳየኝ" አልኩት። ስክሪኑን አዞረልኝ። ቀበሌዋ አንዱ ቦታ 03 ተብሏል፣ ሌላው ቦታ 3 ብቻ። ግማሹ ክፍያ እዚያ ግማሹ እዚህ። በፒኤችፒ የሠራ ሰው ይህችን ያውቃታል። "3" የሚል ጽሑፍ ኪይ ሲሆን ቋንቋው ራሱ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል፣ "03" ን ግን ዜሮ ስላለበት እንደ ጽሑፍ ይተወዋል። ሁለት ገጽ ይከፈታል። በጃቫስክሪፕትም ቢሆን 03 የሚል ጽሑፍና 3 አይገናኙም። ልጁ አንገቱን ነቀነቀና በእጁ አስተካከለላት። አክስቴ እስከ አሁን ጠንቋይ ነህ ትለኛለች። እኔ ግን እንደሷ ሐረጎን ወርዶ የሚጨቃጨቅላቸው ሰው የሌላቸው ስንት እንደሆኑ እያሰብኩ ነው የተመለስኩት።

ሌላ ደግሞ አለ፣ ለባለሙያው ብቻ የሚጠቅም ነው፣ ሌላችሁ ዝለሉት። ብዙ የከፈለውን ከላይ ላድርግ ብዬ በፒኤችፒ ሶርት አልኩት። ሶርት ድምሮቹን በተርታ ደረደረልኝና ኪዮቹን ጣላቸው። ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት ብሎ በራሱ ቆጠረ። ቁጥሩ ሁሉ አለ፣ የማን እንደሆነ የለም። ኪዩን ይዞ የሚደረድረው ኤሶርት ነው፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ኤአርሶርት። አንዲት ፊደል ናት ልዩነቷ።

ጃቫስክሪፕት እ.ኤ.አ. በ2024ቱ እትሙ ኦብጀክት ግሩፕባይ የሚባል ዝግጁ መሣሪያ አምጥቷል፣ ሉፑን እኛ መጻፍ ቀርቶልናል። ጥሩ ነው። ግን መደመሩን አይደምርላችሁም፣ ይመድባል ብቻ። በምን ልመድብ የሚለውንም አሁንም እናንተን ነው የሚጠይቀው።

ወደ ቅሬው ልመለስ። በየወሩ ስንት ተሰበሰበ ሲባል ወሩን ከቀኑ ላይ ቆርጬ ወሰድኩ፤ 2024-09 የሚለውን ቁራጭ። ቀኑ ዳታቤዙ (የኮምፒውተሩ መዝገብ) ውስጥ የተቀመጠው በፈረንጅ ነው፣ እኔም አላሰብኩበትም። አንድ አባል የነሐሴን አዘግይቶ ጳጉሜን 3 ቀን 2016 ከፈለ። የመስከረምን ደግሞ መስከረም 5 ቀን 2017። በፈረንጅ ሁለቱም ሴፕቴምበር ናቸው፣ 8 እና 15። ዝርዝሬ ላይ ሰውየው አንድ ወር ዘሎ በሌላው እጥፍ የከፈለ ሆነ። ወደ እኛ አቆጣጠር ብለውጠው ደግሞ ጳጉሜን ብቻዋን አሥራ ሦስተኛ ወር ሆና ቆመች፣ መዋጮ የሌለባት ወር፣ ብር ይዛ። ትክክለኛው ነገር የተከፈለበት ቀን ሳይሆን የተከፈለለት ወር ነው፣ እሱ ደግሞ ዳታዬ ውስጥ ጭራሽ አልነበረም። ጋሼ መዝገብ ላይ ነበር። "የነሐሴ" ብለው በጎን ይጽፏታል። እኔ ወደ ኮምፒውተር ሳስገባ ትርፍ ናት ብዬ የተውኳት ዓምድ ነች።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝን የያዙልኝም እሳቸው ናቸው። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡና "እገሌ የታለ?" አሉኝ። ዓመቱን ሙሉ ምንም ያልከፈለ ሰው ነው፣ በደንቡ መሠረት ቀድሞ መጠየቅ ያለበት። "ካልከፈለ ዝርዝሩ ላይ አይኖርም" አልኩ። "እኔ ዘንድ አለ" አሉ። መዝገቡን ገለጡት። ገጹ አለ። ከላይ ስሙ፣ ከሥሩ ዜሮ፣ ሌላው ባዶ።

እውነታቸውን ነው። ክፍያዎቹን እየዞርን ስንመድብ ገጽ የሚከፈተው ለከፈለ ሰው ብቻ ነው። ምንም ያልከፈለው ዜሮ ሆኖ እንኳ አይወጣም፣ የለም። ስለዚህ ከአባላቱ ዝርዝር መጀመር ነው፣ ለሁሉም ገጽ ከፍቶ ዜሮ አስቀምጦ፣ ከዚያ ወደ ክፍያው መሄድ። ዳታቤዝ በሚጠየቅበት ቋንቋ በኤስኪውኤል ቢሆን አባላቱን በስተግራ አድርጎ ሌፍት ጆይን ማድረግ (ክፍያ የሌለውንም ሳይጥሉ ማገናኘት) ማለት ነው። በነገራችን ላይ ዳታው ዳታቤዝ ውስጥ ካለ ሺህ መስመር ወደ ፒኤችፒ አውጥቶ ከመደመር እዚያው ግሩፕ ባይ (መድብ) እና ሰም (ደምር) ብሎ ማስደመር ይሻላል። ኤስኪውኤልን የጀመሩት የአይቢኤሞቹ ዶናልድ ቻምበርሊን እና ሬይመንድ ቦይስ እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፣ ጃንሆይ በወረዱበት ዓመት መሆኑ ነው። ያን ያህል የቆየ ነገር ነው፣ አዲስ ጥበብ አይደለም። እሱም ግን የራሱ ተንኮል አለው። ቁጥር ሰጥቼ ሳልጨርስ አስደምሬው ቁጥር ያልደረሳቸውን ሁሉ አንድ ላይ አጎራቸው፣ ባዶ ባዶውን አንድ ሰው አድርጎ። ስም የለሽ አባል፣ 4,350 ብር። ጋሼ "የሲስተም ድርሻ ይሆናል" አሉ።

ክቡር አዘጋጅ፣ ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ኮድ ላስተምር ብዬ አይደለም። የምለምነው አንድ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ቅሬታ ሲመጣላችሁና ለሚመለከተው ክፍል ስትደውሉ፣ "የሲስተም ችግር ነው" የሚለውን መልስ ተቀብላችሁ አትዝጉት። በምን መድባችሁ ነው የደመራችሁት በሉልን። በስም ነው ወይስ በቁጥር? በስም ከሆነ ፀሐይ እና ጸሀይ እናንተ ዘንድ ስንት ሰው ናቸው በሉ። ከድምሩ ሥር ያሉትን ክፍያዎች ለባለጉዳዩ ታሳያላችሁ ወይ በሉ። አሁን መስኮት ላይ የሚታየው ድምሩ ብቻ ነው፣ ድምር ደግሞ ብቻውን አይናገርም፣ ከየት ከየት እንደተለቀመ ካልታየ ትክክል ነውም አይደለምም ማለት አይቻልም። አንድ ሰው የራሱን ክፍያ መስመር በመስመር አይቶ "ይቺ የኔ ናት፣ ያቺ የታለች?" ማለት ሲችል ግማሹ ጭቅጭቅ እዚያው መስኮቱ ላይ ያልቃል። እማማ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ኮድ አያውቁም፣ ግን ደረሰኛቸውን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ከእኔ ፕሪንት በላይ ትክክል ነበሩ።

ለሙያ ጓደኞቼም አንድ ቃል። እዚህ ከተማችንም ኮምቦልቻም በየሱቁ፣ በየማኅበሩ "ሲስተም ሥራልኝ" የሚል ሰው በዝቷል፣ እሰየው። የሚያሠራን ሰው ስለ ቀለምና ስለ ሎጎ ሰዓት ሙሉ ያወራናል፣ በምን እንመድብ የሚለውን ግን እሱም አይጠይቀንም እኛም አንጠይቀውም። ኮዱን ከመክፈታችሁ በፊት የቀድሞውን መዝገብ ያዙና ከያዘው ሰው ጋር ግማሽ ቀን ቁጭ በሉ። በጎን የተጻፈችዋን ነገር ሁሉ ለምን እንደሆነች ጠይቁ። እኔ ያን ግማሽ ቀን ለመቆጠብ ብዬ ሦስት ወር ነው ያጠፋሁት።

አሁን የቅሬው ነገር ደህና ነው። ጋሼ መዝገባቸውን አልጣሉትም፣ እኔም አልጠየቅኩም፣ በየወሩ መጨረሻ ሁለቱን እናስተያያለን። ባለፈው እሑድ ለአባላቱ ቁጥራቸውን በትንንሽ ካርድ አደልኩ። እማማ ካርዱን አዩትና ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። ሰሞኑን ሊከፍሉ መጡ። "እማማ፣ ቁጥርዎ ስንት ነበር?" አልኳቸው።

"እሱን ያ የሰጠህ ሲስተም ይወቀው" አሉኝ። "እኔ ፀሐይ ነኝ።"

በስማቸው ፈለግኩ። በአሥራ ሁለቱም ዓይነት አጻጻፍ እንዲያገኛቸው አድርጌው ነበር፣ አገኛቸው።

አንባቢያችሁ
ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ